ግማሽ ራስ ታሞ ሙሉ ኮርስ የሚበላሸው ለምንድን ነው? ማይግሬንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጅማ፣ የፋይናል ሳምንት። ዶርም ውስጥ አንዲት ተማሪ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተኝታለች። በዚህ ሰዓት ላይብረሪ መሆን ነበረባት። የዶርም ጓደኞቿ “ምች ነው” ብለው ዳማከሴ አሽተው አሽትተዋታል። ባለፈው ወር ክሊኒክ ሄዳ “ታይፎይድ ነው” ተብላ የታዘዘላትን ጨርሳለች። ከዚያ በፊት “ሳይነስ” ነበር። እናቷ በስልክ “ቡና ሳትጠጪ ቀርተሽ ይሆናል” ትላታለች። ክላስ ውስጥ ደግሞ “የእሷ በሽታ ፈተና ሲደርስ ነው የሚነሳው” እያሉ የሚሳሳቁ አሉ።

ልጅቷን ለምሳሌ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ዶርም የኖረ ሰው ግን ያውቃታል። የሚገርመው እናቷም፣ የሚሳሳቁትም ልጆች ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ቡናውም ፈተናውም ነገሩ ውስጥ አሉበት። በሽታው ግን የራሱ ስም አለው። ማይግሬን ይባላል።

ከተራ ራስ ምታት በምን ይለያል?

ተራው ራስ ምታት ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው እንዳሰሩት ሻሽ ነው። ያስጨንቃል፤ ግን እያመማችሁም ኖት ታገላብጣላችሁ፣ ካፌ ወርዳችሁ ትበላላችሁ። ማይግሬን እንዲህ አይምርም። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ይይዛል። ከልብ ትርታ ጋር አብሮ ይመታል። ደረጃ ስትወጡ ይብሳል። ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱን ያስመልሰዋል። መብራት ዓይን ይወጋል፣ የኮሪደር ወሬ መዶሻ ይሆናል፣ ሌላ ቀን የምትወዱት የእጣን ሽታ እንኳ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ሐኪሞች “ማይግሬን ነው” ለማለት እንዲህ ያለው ሕመም ቢያንስ 5 ጊዜ ተመላልሶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ራሱን ያመመው ሁሉ ማይግሬን አለበት ማለት አይደለም።

ስሙ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ነው፤ “ግማሽ የራስ ቅል” እንደ ማለት። የእኛ ሰዎች “ራስ ፍልጠት” የሚሉት ግን ለእኔ ሕመሙን ይበልጥ ይገልጸዋል።

ብርቅ በሽታ አይደለም። በዓለም ላይ ከ7 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛል። ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምርና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ይበረታል። የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ እዚያው መሐል ይወድቃል። ሰው ሳይገድሉ ዕድሜውን በሥቃይ ከሚያስፈጁ ሕመሞች መካከል ማይግሬን በዓለም ደረጃ ከፊተኞቹ ይቆጠራል፤ በወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ አንደኛ ነው። አይገድልም መባሉ ይመስለኛል ችላ ያስባለው።

ጭንቅላት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

አንድ የማይታመን የሚመስል ነገር ልንገራችሁ። አንጎል ራሱ አያምም። ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም። የሚያመው አንጎሉን የሸፈነው ስስ ገለፈትና በላዩ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ናቸው። ከእነሱ፣ እንዲሁም ከግንባር፣ ከዓይን፣ ከጉንጭና ከጥርስ ስሜት እየሰበሰበ ወደ አንጎል የሚያደርስ አንድ ትልቅ ነርቭ አለ። ማይግሬን በዋናነት የዚህ ነርቭ ጉዳይ ነው።

ከጅማ ወጣ ስትሉ በቆሎ ሲያፈራ ማሳው ዳር ማማ ተሠርቶ ታያላችሁ። ማማው ላይ ጦጣና ከርከሮ የሚጠብቅ ልጅ ይቀመጣል። ደህና ጠባቂ ጦጣ ሲያይ ይጮኻል፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዝም ይላል። ማይግሬን ያለበት ሰው ነርቭ ግን ከልክ በላይ ንቁ የሆነ ጠባቂ ነው። ነፋስ ሲነፍስም ወንጭፉን ይወነጭፋል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ጎረቤት ማሳ ያሉት ጠባቂዎች ተቀብለው ይጮኻሉ፤ አገሩ ሁሉ ይናወጣል። ነርቩ “ጩኸቱን” የሚያሰማው ኬሚካል በመርጨት ነው። ኬሚካሉ ገለፈቱን ያስቆጣል፣ የደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ ሕመሙም ይፋፋማል። ጦጣ የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው። “ምንም ሳይኖርባት አሞኛል ትላለች” የሚባለው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጠባቂው እንዲህ ሆኖ የሚወለደው ብዙ ጊዜ በዘር ነው። እናት ወይም አባት “ወጣት እያለሁ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር” ካሉ ፍንጭ ነው።

ድሮ ሐኪሞች የሚያስቡት ሌላ ነበር። ችግሩ የደም ሥር መስፋት ብቻ ነው ይሉ ነበር። የደም ሥር የሚያጠብ ኤርጎታሚን የተባለ መድኃኒት ይሰጡም ነበር፤ አሁንም አለ። የሚገኘው እህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ነው። ይኸው ሻጋታ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ እህል በክሎ፣ የበሉት ሰዎች የእጅና የእግራቸው ደም ሥር ተዘግቶ አካላቸውን እስከ ማጣት ደርሰዋል። ያወራሁት በከንቱ አይደለም። ኤርጎታሚን ከጓደኛ ቦርሳ ተቀብለው የሚውጡት ክኒን አይደለም ለማለት ነው።

ከሕመሙ በፊት ዓይኔ ላይ የሚብለጨለጨውስ?

ከማይግሬን ታማሚዎች ሩብ ያህሉ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ዓይናቸው ላይ የተሰባበረ መስመር፣ ብልጭታ ወይም ጭልም ያለ ቦታ ያያሉ። አንዳንዱ እጁን ይደነዝዘዋል ወይም ቃል ይጠፋበታል። ይህ ኦራ ይባላል። ቀስ እያለ ይሰፋና ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ምክንያቱ ሐይቅ ላይ ድንጋይ ሲጣል እንደሚሄደው ሞገድ፣ የአንጎልን ላይኛ ክፍል በደቂቃ ጥቂት ሚሊሜትር እየተጓዘ የሚያደክም የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ሊያዎ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው ይህን ሞገድ የጻፈው፤ ያገኘው ጥንቸል ላይ ነበር።

ኦራ ባይኖርም ሕመሙ ቀድሞ ምልክት ይልካል። ያለ ምክንያት ማዛጋት፣ ብስጭት፣ የአንገት መገተር፣ ጣፋጭ ማማር። ይህ ከአንድ ቀን በፊት ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሰው ታዲያ “ከረሜላ በልቼ ነው ያመመኝ” ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ጀምሮ ነው ከረሜላው ያማረው።

ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ሌላ ቀን አለ። ሰውነት ይዝላል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ራስን ቶሎ ሲያዞሩት ይነዝራል። አንድ የማይግሬን ጥቃት የአንድ ከሰዓት ጉዳይ የሚመስለው ላልያዘው ሰው ነው። ለያዘው ሦስት ቀን ነው።

ትምህርቱን የሚጎዳው በቀሩት ክላሶች ብቻ ነው?

አይደለም። ዋናው ኪሳራ እንዲያውም እዚያ የለም። የቀረ ተማሪ አቴንዳንስ ላይ ይታያል። ክላስ ገብቶ ያልተማረ ተማሪ ግን የትም አይመዘገብም። ጥቃቱ ላይ ያለ ሰው አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ሦስቱንም ጊዜ አይገባውም። የሚያውቀውን ቀመር ለማስታወስ ይዘገያል። ፕሮጀክተሩ ዓይኑን ስለሚወጋው ስላይዱን ትቶ ወለሉን ያያል።

ለዚህ ነው ሐኪሞች ጉዳቱን ሲለኩ ሁለት ነገር የሚጠይቁት። ባለፉት 3 ወራት ስንት ቀን ጭራሽ ሳትማሩ ቀራችሁ? ስንት ቀንስ ተገኝታችሁ ከግማሽ በታች ሠራችሁ? በቤት ሥራውና በማኅበራዊ ኑሮው የጠፋው ቀንም ይደመርና ድምሩ 21 ከደረሰ ጉዳቱ ከባድ ይባላል። ሴሚስተር አራት ወር ገደማ እንደሆነ አስቡና አስሉት።

በዚያ ላይ ፍርሃቱ አለ። “የሚድ ፈተና ቀን ቢነሳብኝስ?” የሚል ሰው ሳያመውም ግማሽ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ጭንቀትና ድብርት በብዛት መታየቱም የታወቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። መብራት ለሚወጋው ዓይን ስክሪን ላይ ሰዓታት ማፍጠጥ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

አንድ ነገር ግን መስመር ይሰመርበት። ማይግሬን አእምሮን አያደኽይም። ጥቃቱ ሲያልፍ ማሰቡም ማስታወሱም ይመለሳል።

ታዲያ ጥፋተኛው ቡናው ነው?

ጅማ ላይ ቡናን መክሰስ ድፍረት ይጠይቃል። ደግነቱ ቡናው ብቻውን አይከሰስም።

ጀበና ሲገነፍል እዩ። የገነፈለው መጨረሻ ላይ በገባችው ጭራሮ ነው? እሷም አለችበት። ግን ጀበናው ቀድሞ ሞልቶ ነበር፣ ከሰሉም ቀልቶ ነበር። ማይግሬንም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምሳ መዝለል፣ ውኃ አለመጠጣት፣ ጭንቀት፣ ፀሐይ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን መውረዱ፣ እያንዳንዳቸው ጭራሮ ናቸው። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። “ትናንት ቡና ጠጥቼ ምንም አልሆንኩ፣ ዛሬ ያመመኝ ለምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ትናንት ጀበናው ጎዶሎ ነበር።

ማይግሬን ያለበት አንጎል ከሁሉ የሚጠላው ለውጥን ነው። የተማሪ ኑሮ ደግሞ ለውጥ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሌሊት ለአራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ቅዳሜ ለአሥራ ሁለት ሰዓት የሚተኛ፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ በልቶ ነገ በአንድ ሳምቡሳ የሚውል፣ ሲቢቲፒ (ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም) ወጥቶ ቤት ለቤት ሲዞር ምሳ የሚረሳ። የሚገርመው ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጭንቀቱ ሲለቅ ነው። ፈተና አልቆ፣ ሻንጣ ታስሮ፣ ልክ አውቶቡስ ተራ ሲደረስ። ይህን ያየ ሰው “ፈተና ፈርታ ነው” ማለቱን ቢተው ጥሩ ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ካፌይን ለማይግሬን ሁለት ፊት አለው። ጥቃቱ ሲጀምር አንድ ስኒ ሊያስታግስ ይችላል፤ አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖች ውስጥም ካፌይን ተጨምሯል። በሌላ በኩል አንጎል ይለምደዋል። ለሳምንታት በየቀኑ ብዙ ቡና የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ በአንድ ቀን ውስጥ ራሱን ያመዋል። ሕመሙ ቡና ሲገኝ ቶሎ ይለቃል፣ ካልተገኘ እስከ ሳምንት ይቆያል። እናትየው በስልክ ያለችው ይህንን ነው። ቤቷ ጠዋት ጠዋት አንድ ስኒ የለመደች ልጅ ጅማ መጥታ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ከጀመረች፣ ከዚያም ቅዳሜ እስከ ቀትር ከተኛች፣ ራሷን የሚያማት ቡና ስለጠጣች አይደለም። በሰዓቱ ስላልጠጣች ነው።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀኖች ራስ ምታት የሚበዛው ምግብ፣ ውኃ፣ ቡናና እንቅልፍ በአንድ ቀን ስለሚለወጡ ነው። በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ተመሳሳይ ነገር ያየዋል። መጾም የፈለገ ሰው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ቡናውን በስኒ በስኒ ቢቀንስ ይቀልለዋል። ሱሑር አለመዝለል፣ ማታ ውኃ በደንብ መጠጣትም ይረዳል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ጉዳዩን ከሐኪምም ከሃይማኖት አባትም ጋር ማንሳት ነውር የለውም።

ጫቱስ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል። “ለጥናት ነው” የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ይወስዳል። ምርቃናው ሲያልፍ እንቅልፍ ያጣ፣ ያልበላ፣ ውኃ የጠማው፣ የጨነቀው ሰው ይቀራል። ጭራሮዎቹን ቆጥራችኋል?

ለምን “ሳይነስ” ወይም “ታይፎይድ” ይባላል?

ያ ትልቅ ነርቭ ጉንጭንም ያዳርሳል ብለናል፤ አፍንጫንም እንዲሁ። ስለዚህ ማይግሬን ሲነሳ ከዓይን ሥር ሊያም፣ ዓይን ሊያስነባ፣ አፍንጫ ሊደፍን ይችላል። ሰው “ሳይነሴ ተነሳ” ይላል። እውነተኛው የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን ብዙውን ጊዜ ወፍራም የአፍንጫ ፈሳሽ አለው፣ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። በየወሩ እየመጣ በሁለት ቀን ያለ መድኃኒት የሚሄድ “ሳይነስ” ካላችሁ ተጠራጠሩት።

የታይፎይዱ ታሪክ ሌላ ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም ምርመራ ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ እንጂ ጀርሙን ራሱን አያይም። ድሮ የያዛችሁ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለፈባችሁ ከሆነ “ፖዘቲቭ” ሊል ይችላል። አንቲባዮቲኩን ስትጀምሩ ራስ ምታቱ በሦስተኛው ቀን ይለቃል። ማይግሬን ድሮም በሦስት ቀን ይለቃል። ምስጋናውን ግን ክኒኑ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ “አገረሸብኝ” ይባላል።

ማይግሬንን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው ይላሉ። “ነፃ ነሽ” ተባልሽ ማለት ማይግሬን የለብሽም ማለት አይደለም። ምርመራው ታሪኩ ነው። ስንት ጊዜ፣ የቱ ጋ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያብሰዋል፣ ከወር አበባ ጋር ይገጥማል ወይ። ይህን ከደብተር ጀርባ ለሁለት ወር ጽፎ የሄደ ተማሪ ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

ማስታገሻ መዋጥስ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ማዘግየት ነው። ብዙዎች “ክኒን አልወድም” ብለው እስኪብስ ይጠብቃሉ። ማይግሬን ሲበረታ ግን ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል። የተዋጠው ክኒን እዚያው ይቀመጣል፣ ወይም ይወጣል። ፓራሲታሞል ይሁን አይቡፕሮፌን የሚሻለው ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ በሙሉ መጠኑ መውሰድ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በባዶ ሆድ እንዳይደፍር። ማስመለስ ካስቸገረ ሐኪሙ ማስታወክ የሚያቆም መድኃኒት ይጨምራል። ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ ትሪፕታን የሚባሉም አሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛው ችግር ማብዛት ነው። ተራውን ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን፣ ኤርጎታሚንን፣ ትራማዶልን የመሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችንና ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን ክኒኖች ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ስለሚያመው ይውጣል፣ ስለሚውጥ ያመዋል። ከዚህ ለመውጣት ማቆም ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከባድ ስለሆኑ ከሐኪም ጋር ቢሆን ይመረጣል።

በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያመው ሰው ሕመሙ ሲመጣ ከማሯሯጥ ይልቅ እንዳይመጣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታሰብለት ይመከራል። ፕሮፕራኖሎል አንዱ ነው፤ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ነው፣ አስም ላለበት አይሆንም። ሌላው አሚትሪፕቲሊን ነው። ወረቀቱ ላይ “ለድብርት” የሚል አንብበው “እብድ ነህ ማለታቸው ነው?” ብለው የሚጥሉት አሉ። ለማይግሬን የሚሰጠው በአነስተኛ መጠን ነው፣ የነርቩን ጩኸት ለማለዘብ። ሁለቱም ሥራቸው እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋሉ። በሁለተኛው ሳምንት “አልሠራም” ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ነገር። ከኦራ ጋር የሚመጣ ማይግሬን ካለባችሁ፣ ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን አይመከርም። በአንጎል ደም ሥር መዘጋት የመመታት ዕድልን ይጨምራል። ሌሎች መከላከያዎች ስላሉ ለባለሙያው “ኦራ አለብኝ” ማለት በቂ ነው።

መቼ ነው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚኬደው?

ትኩሳት ካለ ማይግሬን ነው ብላችሁ አትተኙ። የጅማ ዙሪያ ወባ ያለበት አገር ነው፣ ይመርመር። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። እንደ መብረቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የደረሰ ሕመም፣ የአንድ ጎን አካል መዛል፣ የአፍ መተሳሰር፣ ራስ መሳት፣ ከጭንቅላት ምት በኋላ የመጣ፣ በእርግዝና ጊዜ አዲስ የጀመረ፣ ወይም ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትም እንዲሁ።

ፈተና ቀን ቢነሳብኝስ?

ነገሩን ፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንሳት አያዋጣም። ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ለመጠየቅ የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ደግሞ ቀድሞ ካርድ ላይ “ማይግሬን” ተብሎ ከተጻፈለት ሰው የበለጠ ይታመናል። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ ደህና በሆናችሁበት ቀን፣ ተማሪ ክሊኒክ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ለአድቫይዘራችሁም ንገሩ። ክኒኑ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ ከመስኮትና ከሚርገበገብ አምፖል ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ቁርስ ሳትበሉ አትግቡ፣ የጠዋት ቡናችሁን እንደ ወትሮው ጠጡ። የፈተና ጠዋት አዲስ ነገር የሚሞከርበት አይደለም፤ ቡና የማይጠጣም በዚያ ቀን አይጀምር።

የዶርም ጓደኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራው ትንሽ ነው። መብራቱን አጥፉላት፣ ውኃ አስቀምጡላት፣ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ብታደርጉላትም ደስ ይላታል። በየአምስት ደቂቃው “ተሻለሽ?” አትበሏት። ቡናውንና እጣኑን ዛሬ ሌላ ዶርም ውሰዱት፤ የጎደላትን ኖት በፎቶ ላኩላትና ነገ ታየዋለች።